ሦስተኛው ማሽን ላይ የቀረው መዝገብ

ቆቦ፣ ኅዳር 12 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለአያ በድረዲን

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። የእናትዎ የእማማ ሰይዳ ምርቃት፣ የእህትዎ የእናቴ የአሲያ ናፍቆት፣ የእኔም ሰላምታ ኳላ ላምፑር ድረስ ይድረስዎ። እኛ በአላህ ቸርነት ደህና ነን። ዓምና ድርቅ ያራቆተው ሜዳ ዘንድሮ ከሮቢት እስከ ጎብዬ ማሽላ ለብሷል።

እኔ ኡሙሃኒ ነኝ። ከአገር ሲወጡ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ አሉ። የማውቅዎት እናቴ በሳጥን ባስቀመጠቻቸው ደብዳቤዎችዎ ነው፤ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ የለመድኩትም በእነሱ ነው። ዛሬ ግን ለሰላምታ ብቻ አልጻፍኩም፤ ጭንቅ ይዞኝ ነው። ኢንተርኔቱ ከተዘጋ ወር አልፎታል፤ በስልክ እንዳልነግርዎት መስመሩ ሁለት ቃል አያስጨርስም።

የምሠራው የከርሰ ምድር ውሃ በሚያጠና ፕሮጀክት ቢሮ ነው። በቆላው ሰማንያ ስድስት ጉድጓዶች እንከታተላለን። በየጉድጓዱ የተንጠለጠለ መለኪያ በየአምስት ደቂቃው የውሃውን ከፍታ ይይዛል። የሦስት ዓመቱ ሲደመር ሃያ ሰባት ሚሊዮን መስመር ነው። ያሉን ኮምፒውተሮች ያረጁ ናቸውና ለብቻቸው አይችሉትም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ አራቱን አያይዞ፣ ሥራውን የሚያከፋፍልላቸውን ስፓርክ የሚባል ፕሮግራም ጫነልንና ሄደ።

መስከረም ላይ ሒሳቡን ሠራሁት። ውሃው በሦስት ዓመት ከአራት ሜትር በላይ ወርዷል የሚል ውጤት መጣ። ኃላፊያችን አቶ ዋሲሁን አልተቀበሉትም፤ አሥራ አንድ አዲስ ጉድጓድ ሊቆፈር ታቅዷልና። "ድገሚው" አሉኝ። ጥቅምት ላይ ደገምኩት። ሁለት ሜትር ብቻ አለ። ከዚያ ወዲህ ሰው በሌላ ዓይን ያየኛል። አባቴ ሮቢት ላይ በጉድጓድ ውሃ ሽንኩርት ያለማል፤ "ከአባቷ ጉድጓድ አጠገብ እንዳይቆፈር ቁጥሩን ከራሷ ፈጠረችው" ተባለ። አቶ ዋሲሁንም ሰው ባለበት፣ "መስከረም ላይ እውነት ከሠራሽ፣ ማሽኑ የሠራውን ይመዘግብ የለም ወይ? አሳዪኝ" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ ይመዘግባል። የሥራ ታሪክ የሚባል ገጽ አለው፤ ሥራው መቼ እንደተጀመረ፣ ስንት መስመር እንዳነበበ፣ የቱ ማሽን ላይ እንደከሸፈ ሁሉ ያሳያል። ገጹን ስከፍተው የጥቅምቱ አለ። የመስከረሙ የለም።

ነገሩ ሚያዝያ ላይ የፕሮጀክቱ ቦርድ ፊት ይቀርባል። እርስዎ ሃያ ዓመት በዚህ ሙያ የኖሩ ሰው ነዎት፤ ምን ላድርግ? የገጹን ፎቶ አትሜ ከዚህ ጋር አኑሬያለሁ። የእህቴን የሀስናን የሠርግ ፎቶም ጨምሬያለሁ፤ እማማ "ዓይኑን ይጣልበት" ብላ ነው።

የእህትዎ ልጅ ኡሙሃኒ


ኳላ ላምፑር፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ ለኡሙሃኒ

ወአለይኩም ሰላም ወረህመቱላህ። አላህ ከክፉ ወሬ ይሰውራችሁ፣ ከደጃችሁ እህልና ሰው አይጥፋ። እኔ ደህና ነኝ፤ ለእናቴም ደህና ነው በያት።

ደብዳቤሽን ብዙ ጊዜ አስደጋገምኩት። በሦስት ዓመትሽ የማውቅሽ፣ የጥንቅሽ ልጣጭ አፍሽን ቆርጦሽ ስታለቅሺ ነው። ዛሬ አራት ማሽን ታዣለሽ። ሱብሃነላህ።

ወደ ጉዳይሽ ልምጣ። ከእንግዲህ የገጹን ፎቶ አትላኪልኝ። በገጹ ላይ ያለውን ቃል በቃል ገልብጠሽ ጻፊልኝ፤ በወፍራም ብዕር፣ ጎላ ጎላ አድርገሽ። ሰው ፎቶ ሲልክ ራሱ ሳያነበው ይልካል፤ ሲገለብጥ ግን አንዳንዴ እዚያው እየጻፈ ያገኘዋል።

የጥቅምቱ ካለ መዝገቡ ዛሬ ይሠራል ማለት ነው። መስከረምስ ይሠራ ነበር? ሲጫን ዝም ካሉት አይመዘግብም፤ መዝግብ ተብሎ በሴቲንጉ ላይ ሊጻፍለት ይገባል። ያን መስመር ማን እንደጻፈ፣ መቼ እንደጻፈ ፋይሉን ከፍተሽ ቀኑን እዪ። ቀጥሎ መዝገቡን የት ፎልደር ውስጥ እንደሚያስቀምጥ ጻፊልኝ። ጊዜያዊ በሚባለው ፎልደር ከሆነ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ይጸዳል፤ ቆቦ ደግሞ መብራት እንዴት እንደሆነ አልረሳሁም። ያረጀ መዝገብ በራሱ ጠርጎ እንዲጥል የሚያዝ መስመር መኖሩንም ተመልከቺ። እስኪ እነዚህን መልሺልኝ፤ ሳታውቂ ምንም ነገር አትንኪ።

ሀስናን አላህ ያስማማት። ምን ለብሳ ነበር? ማን ከጎኗ ቆመ? አንቺ ንገሪኝ።

እዚህ ከቀትር በኋላ በየቀኑ ይዘንባል። ዘነበ ብሎ ቀና የሚል ሰው የለም። እኔ ግን ጣሪያው ላይ ሲወርድ በሰማሁ ቁጥር፣ ይህ ሁሉ ውሃ በከንቱ ወደ ቦይ ሲሄድ ለቆቦ በሆነ እላለሁ። የዞብል ተራራ ጠዋት ፀሐይ ከኋላው ስትወጣ ምን እንደሚመስል ጻፊልኝ። እናቴን በኢድ ቀን ደውዬ አናግሬያታለሁ። ቶሎ ቶሎ የማልደውለው "መቼ ትመጣለህ" ስትለኝ መልስ ስለማጣ ነው። ይህን አትንገሪያት።

አጎትሽ በድረዲን


ቆቦ፣ ጥር 28 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ

አሰላሙ አለይኩም። ጤናዎ ይጠበቅ፣ ያሰቡት ይሙላልዎ። ደብዳቤዎ ወር ሊሞላው ሲል ደረሰ። ጎላ አድርጌ እየጻፍኩ ነው፤ አንዱ ደብዳቤ አምስት ወረቀት ሆነ፤ እናቴ "ለሕዝብ ነው እንዴ የምትጽፊው?" ትላለች።

እንዳሉኝ ገልብጬ አነበብኩ። መዝግብ የሚለው መስመር የተጻፈው ባለሙያው በመጣበት በነሐሴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። ጠርገህ ጣል የሚል መስመር የለውም። መዝገቡ የሚቀመጠው ዋናው ዲስክ ላይ "ታሪክ" የሚባል ፎልደር ውስጥ ነው፤ ጊዜያዊ አይደለም። የሥራ ታሪክ ገጹም የሚያነበው ከዚሁ "ታሪክ" ከሚለው ነው። ሁለቱ ላይ ስሙ አንድ ነው፤ ፊደል በፊደል አመሳክሬዋለሁ። ፎልደሩን ከፈትኩት። አንድ ፋይል ብቻ አለ፤ የጥቅምቱ።

የቢሮው ቴክኒሺያን ታረቀኝ ቆሞ ሲያየኝ፣ "እህቴ፣ ያልተመዘገበ ነገር አልተሠራም ማለት ነው፤ ለምን ትደክሚያለሽ?" አለኝ። ክፋት የለበትም፤ ያመነው እሱን ነው። እኔም ራሴን መጠራጠር ጀምሬያለሁ። መስከረም ላይ ያየሁትን ቁጥር በእርግጥ አይቼዋለሁ?

ሀስና ነጭ ለብሳ ነበር፤ ከጎኗ የቆምኩት እኔ ነኝ። ፎቶው ላይ አላወቁኝም? እኔ ነኝ እኮ፣ አረንጓዴ ሻሽ ያሰርኩት።

ዞብል ጠዋት መጀመሪያ ጥቁር ነው። ከዚያ ጫፉ ብቻ እሳት እንደያዘው ወረቀት ይቀላል፤ ወዲያው ሜዳው ላይ ብርሃን ይፈስሳል፤ ከአፋር በኩል የሚመጡት ግመሎች ጥላቸው ከራሳቸው አሥር እጥፍ ረዝሞ ቀድሟቸው ይገባል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ በድፍረት አይዩብኝ። የዱሮ ደብዳቤዎችዎ መስመራቸው እንደ ተዘረጋ ገመድ ነው። ያሁኑ አንዱ መስመር በሌላው ላይ ወጥቷል፤ ሁለት ቦታ ላይ ማንበብ አልቻልኩም። እናቴ "ሥራ በዝቶበት እየሮጠ ጽፎት ነው" አለች። እማማ ግን ወረቀቱን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።

ኡሙሃኒ


ኳላ ላምፑር፣ የካቲት 26 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ ለኡሙሃኒ

ወአለይኩም ሰላም። አላህ ልፋትሽን ከንቱ አያስቀርብሽ። ጽሑፌ ስላስቸገረሽ ይቅር በይኝ፤ አሁን ከወረቀቱ ሥር ማስመሪያ አድርጌያለሁ።

ጥሩ አድርገሽ ገልብጠሻል፤ አንዱ ቃልሽ ላይ ቆሜ ቀረሁ። "ስሙ አንድ ነው" ብለሻል። ቆቦ ላይ ሰይዳ የምትባል ሴት አለች፤ ጎብዬም ላይ ሰይዳ የምትባል አለች። ሰይዳ ቤት የላኩት ዕቃ ጠፋ ብሎ ከመጮህ በፊት የትኛዋ ሰይዳ ብሎ መጠየቅ ነው። "ታሪክ" የሚለው ፎልደር በአራቱም ማሽን ላይ ይኖራል። ሒሳቡን አራቱም ቢካፈሉትም መዝገቡን የሚጽፈው ሥራውን ያስጀመርሽበት ማሽን ብቻ ነው፤ የሚጽፈውም በራሱ ዲስክ ላይ ነው። ገጹ ያለው ደግሞ አንደኛው ማሽን ላይ ነው፤ እሱም የሚያየው የራሱን ብቻ ነው።

እንግዲህ አስቢ። መስከረም ላይ የትኛው ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ነበር?

ካገኘሽው ፋይሉን ገልብጠሽ አንደኛው ማሽን ላይ ከጥቅምቱ አጠገብ አኑሪው፤ ዋናውን ካለበት እንዳታነሺው። ገጹ እንዲያነበው ፈቃዱን አስተካክይለት። ያኔም ባዶ ቢሆን ተስፋ አትቁረጪ። ሥራው ሲያልቅ ፕሮግራሙ በደንብ ካልተዘጋ፣ ለምሳሌ መብራት ከጠፋ፣ የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ገና በሂደት ላይ የሚል ቅጥያ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ገጹም እንዲህ ያለውን ከተጠናቀቁት ጋር አይደረድረውም። ከታች በትንሹ የተጻፈ "ያልተጠናቀቁ" የሚል መግቢያ አለ፤ ሰው አያየውም። እሱን ንኪው።

ዞብልን በጻፍሽበት ቀን ያን ገጽ ትራሴ ሥር አድርጌ ዋልኩ። አሁን ደግሞ ሌላ ልለምንሽ። የሆርማት ወንዝ ጎርፍ ከሩቅ ሲመጣ፣ ገና ሳይደርስ፣ ድምፁ ምን ይመስል ነበር? የሮቢት ሰዎች ከብት ሲጠሩ ምን እያሉ ነው? እናቴ አሁንም ስትነሳ "ያ ረቢ" ብላ ጉልበቷን መታ ታደርጋለች? የሚሰማውን ነገር ጻፊልኝ።

በድረዲን


ቆቦ፣ መጋቢት 24 ቀን 2009 ዓ.ም.

አያ በድሩ፣ አሰላሙ አለይኩም! ደስታዬ ሰላምታውን አሳጠረብኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ደብዳቤዎን ቆሜ እያነበብኩ "የትኛው ወንበር" የሚለው ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ። መስከረም ላይ አንደኛውን ማሽን ታረቀኝ ይዞት ነበር። እኔ የሠራሁት ሦስተኛው ላይ ነው። ሦስተኛው ግን ቢሮ ውስጥ የለም፤ ኅዳር ላይ ለጎብዬ ጣቢያ ተሰጥቷል።

በሚኒባስ ጎብዬ ወረድኩ። የጣቢያዋ ጸሐፊ ቆንጅት ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አጋድማ ገመዱን እየፈታች አገኘኋት።

"ምን ልታደርጊው ነው?" አልኳት።

"እየተንቀራፈፈ አስመረረን። ነገ ወልድያ ይሄድና ሁሉ ነገር ጠፍቶ አዲስ ይጫንበታል።"

"ቆንጅትዬ፣ በእናትሽ፣ አንድ ሰዓት ስጪኝ።"

አየችኝ። መልኬ ምን እንደሚመስል አላህ ያውቃል። "ሰው ሞቶብሻል እንዴ?" ብላ ገመዱን መልሳ ሰካችው።

"ታሪክ" የሚለውን ከፈትኩ። አንድ ፋይል ነበር፤ መስከረም 17፣ ስሙ መጨረሻ ላይ ያ ያሉኝ ቅጥያ ተንጠልጥሎበት። ያን ቀን ውጤቱን ወረቀት ላይ እንደገለበጥኩ መብራት መጥፋቱ ትዝ አለኝ። በፍላሽ ይዤው መጣሁ። አንደኛው ማሽን ላይ አኖርኩት፤ ገጹ ባዶ። ታረቀኝ ከኋላዬ ቆሟል። ከታች ያለችውን ትንሿን መግቢያ ነካሁ። መጣ! ሰዓቱ፣ ስሜ፣ የሠሩት አራቱ ማሽኖች፤ ያነበበው ሃያ ሰባት ሚሊዮን መስመር። ታረቀኝ ወጥቶ ሻይ ይዞልኝ ተመለሰ።

ግን አያ በድሩ፣ የቀረውንም ልንገርዎ። የጥቅምቱን ከጎኑ አድርጌ ሳይ ያነበበው አሥራ ስምንት ሚሊዮን ብቻ ነው። የ2006ቱ ዓመት በሙሉ የለም። ያን ዓመት ወደ ሌላ ዲስክ ያዛወርኩት እኔ ነኝ፤ ቦታ ጠብቦኝ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ። ረሳሁት። ሁለተኛው ሒሳብ የተሳሳተው በእኔ ነው። ማንም አላወቀብኝም። ዝም ብል የመስከረሙ ብቻ ይበቃኝ ነበር። ግን ቦርዱ ፊት ሁለቱንም ላሳይ ነው።

ጎርፉ ከሩቅ ሲመጣ፣ ብዙ ሰው ወለሉ ላይ ጆንያ እንደሚጎትት ነው። እማማ ጉልበቷን ዛሬም ትመታለች። ደብዳቤዎን ሳነብላት ግን፣ "ልጄ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ለምን የሚታይ ነገር መጠየቅ ተወ?" አለችኝ። ምን ልበላት?

ኡሙሃኒ


ኳላ ላምፑር፣ ሰኔ 6 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ ለኡሙሃኒ

ወአለይኩም ሰላም። መልሴ ስለዘገየ አትቀየሚኝ። እጄን ትንሽ ስላመመኝ ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ኢክራማ ናት፤ የአላማጣ ልጅ ናት፤ ከሥር ያለው ምግብ ቤት ውስጥ ታበስላለች። ጾሙ መልካም ነው።

ፋይሉን በማግኘትሽ ደስ ብሎኛል፤ የራስሽን ስህተት ልታሳዪ በመወሰንሽ ግን ከዚያ ይበልጥ ደስ ብሎኛል። ቦርዱ ምን አለ? ለወደፊቱ ያሉት ማሽኖች ሁሉ መዝገባቸውን አንድ የጋራ ቦታ ላይ እንዲጽፉ ሴቲንጉን ቀይሪው፤ ሥራውም ሲያልቅ ፕሮግራሙን ዝጊው።

ለእናቴ ሥራ በዝቶበት ነው በያት።

በድረዲን

ኡሙሃኒ፣ ይህን ከዚህ በታች ያለውን አጎትሽ ጻፊ አላለኝም፤ ከራሴ ነው። መጻፌንም አያውቅም። ወረቀቱን አጥፌ ስሰጠው ዳብሶ ፖስታ ውስጥ ይከተዋል። እጁን አላመመውም። ስኳሩ ዓይኑን ወስዶታል። ሥራውን ከተወ ዓመት አልፎታል። እስከ የካቲት ድረስ ትንሽ ብርሃን ነበረው፤ የመጀመሪያ ደብዳቤዎችሽን እኔ አንብቤለት መልሱን በዳበሳ ይጽፍ ነበር፤ አሁን ያም ጠፋ። ለብቻው ነው የሚኖረው። ሁለት ጊዜ ትኬት ሊቆርጥ ተነሥቶ ተወው። "በሰው እጅ ተመርቼ የእናቴን ደጅ አልረግጥም" ይላል። ደብዳቤሽ የሚመጣ ቀን ብቻ ይላጫል። እኔ ምስጢር አውጪ አይደለሁም፤ ግን በጾም ቀን ይህን ደብቄ ዱአ ማድረግ አቃተኝ።


ቆቦ፣ ሐምሌ 10 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፤ ለእህቴ ለኢክራማም

አሰላሙ አለይኩም። ኢክራማ፣ እባክሽ አንድም ቃል ሳትዘይ አንብቢለት።

አያ በድሩ፣ ሁሉን ነግራኛለች። አይቆጧት፤ ዱአዋ እንዲሰምር ብላ ነው። ደብዳቤዋን ይዤ ሁለት ቀን ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን ለእማማ ነገርኳት። አላለቀሰችም። "ከወረቀቱ ሥር ማስመሪያ አድርጌያለሁ ያለ ዕለት አውቄያለሁ" አለች። ከዚያ ተነሥታ የጓዳውን ደጃፍ ደፍ በመጥረቢያ ማስነሳት ጀመረች፤ "ልጄ እንዳይደናቀፍበት" ብላ። የምትናገረውን ነገር ታውቃለች፤ ይመጣል ብላ ወስናለች።

ቦርዱ ሁለቱንም መዝገብ አየ። ስህተቴን ራሴ ነገርኳቸው። አቶ ዋሲሁን መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ይህን ባትነግሪን አናገኘውም ነበር" አሉ፤ ይቅርታም አልጠየቁኝ፣ አልወቀሱኝም። ከአሥራ አንዱ ጉድጓድ አራቱ ብቻ እንዲቆፈሩ ተወሰነ። የነባሮቹም ፓምፕ የሚነሳበት ሰዓት በግማሽ ተቀነሰ። የአባቴም ጭምር። አባቴ አንድ ሳምንት አላናገረኝም። ትናንት ግን፣ "የሽንኩርቱን ግማሽ በማሽላ እተካዋለሁ" አለ፤ ታረቅን ማለት ነው።

አያ በድሩ፣ ቢሮ ሙሉ ዓይን ያለው ሰው ያን ፎልደር ከፍቶ ባዶ ነው ብሎ ዘግቷል። የትኛው ወንበር ብሎ የጠየቀኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። የጠየቁኝም ሳያዩ ነው። እኛ የምንፈልገው እርስዎን ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው እኔና እናቴ እንቀበልዎታለን። ክንድዎን የምይዘው እኔ ነኝ፤ የእህት ልጅ ክንድ የሰው እጅ ነው እንዴ?

ኡሙሃኒ


ኳላ ላምፑር፣ ነሐሴ 15 ቀን 2009 ዓ.ም.

ኡሙሃኒ፣ ይህን በራሴ እጅ እየጻፍኩ ነው፤ መስመሩ ከተደራረበ እንደምንም አንብቢው። ኢክራማን አልተቆጣኋትም። አንብባ ስትጨርስ "እንግዲህ ሻንጣ ላውርድልህ?" አለችኝ። አውርጂ አልኳት። መስከረም 22 እደርሳለሁ፤ ኢንሻአላህ።

በድረዲን


ቆቦ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኢክራማ

አሰላሙ አለይኩም፤ ካለሽበት አላህ ይጠብቅሽ። አያ በድሩ በሰላም ገብቷል። "አንቱታውን ለእንግዳ አድርጊው" ስላለኝ አንተ እያልኩት ነው።

ወልድያን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ሲመጣበት መስኮቱን አስከፈተ። ጎብዬ ላይ "ጎብዬ ነው" አለ፤ ሮቢት ላይ "ሮቢት ነው" አለ፤ ማንም አልነገረውም። ቆቦ ስንደርስ ግን እጄን አጥብቆ ያዘና፣ "ጥቂት እንቁም" አለኝ። ቤት የሚያደርሰን ባጃጅ እየጠበቀን መንገድ ዳር ቆምን። ላብ አጥምቆት ነበር።

እማማ ደጅ ላይ ተቀምጣ ነበር። የእሷም ዓይን ሞራ ጋርዶት ደህና አታይም። ፊቱን ከግንባሩ እስከ አገጩ ዳበሰችው።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ፣ እማ።"

"ዘገየህ።"

"ዘገየሁ።"

"ግዴለም" አለች። "እኔም አላይ፣ አንተም አታይ፤ አረጀሽ ብለህ አትታዘበኝ፣ ሸበትክ ብዬ አልታዘብህ።" ከዚያ ነው ሁለቱም የሳቁት፤ እናቴ ግን ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

መጀመሪያ ሰሞን ከቤት አልወጣም ብሎ ነበር። ባለፈው ሳምንት ለጉድጓድ ልኬታ ወደ ሮቢት ስሄድ አብሬሽ ልሂድ አለኝ። የምንለካበት ሜትር ጫፉ ውሃ ሲነካ ይጮኻል። ሜትሩ የተጠቀለለበትን ሪል እሱ ያዘ፤ ቀስ አድርጎ ለቀቀው፤ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ሲጮህ ገመዱን እዚያው ጨመቀና፣ "አንብቢ" አለኝ። ሃያ ስድስት ሜትር ከአርባ። "ድገሚ፣ አንዴ አይበቃም" አለ። ሦስት ጊዜ አወረድነው። በዚያን ቀን ስድስት ጉድጓድ ለካን፤ አቶ ዋሲሁንም ሰምተው፣ "በየሳምንቱ ይምጣ፤ አበሉን እኛ እንከፍላለን" አሉ።

ማታ ማታ ግን ደጅ ላይ ብቻውን ይቀመጣል። ትናንት ምን ሆነህ ነው ስለው፣ "ከሥር ሽንኩርት ሲቁላላ የኢክራማ ድምፅ ይሰማኝ ነበር" አለኝ። ሃያ ዓመት ቆቦን ሲናፍቅ ኖሮ፣ አሁን ደግሞ እዚህ ሆኖ አንቺን ይናፍቃል።

እማማ ይህን ጻፊላት ብላኛለች። መልስሽ እንደደረሰን በመጀመሪያው የገበያ ቀን አላማጣ ልትወጣ ነው። "ለልጄ ዓይን የሆነችለትን ልጅ እናትና አባት ደጅ ቆሜ መመረቅ አለብኝ" ትላለች። የማን ልጅ ነሽ? የአባትሽን ስምና ሰፈራችሁን ላኪልን። ለእናትሽ የምትነግርልሽ ነገር ካለም ጻፊ፤ እማማ ራሷ ትነግርልሻለች።

እህትሽ ኡሙሃኒ